የማራቶንን ሰዓት ከአጭር ርቀት የመገመት ስሌትና ወሰኑ

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚሸፍን ውድድር በመሆኑ፣ አንድ ሯጭ አቅሙን ለመፈተሽ ብቻ ብሎ ደጋግሞ የሚሮጠው ርቀት አይደለም፤ ዝግጅቱ ወራት ይፈጃል፣ ከተሮጠም በኋላ የዛለው ጡንቻ እስኪያገግም ሳምንታት ያልፋሉ፣ ስለዚህም ስመ ጥር የሆኑት አትሌቶች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አይሮጡትም። ይሁን እንጂ ሯጩ መነሻው መስመር ላይ ከመቆሙ በፊት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃና በስንት ሰከንድ መሄድ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም በዚህ ርቀት መጀመሪያ ላይ በችኮላ የተገኘች አንዲት ደቂቃ መጨረሻ ላይ አምስትና አስር ደቂቃ ታስከፍላለች። መልሱ የሚፈለገው ከአጫጭሮቹ የጎዳና ላይ ሩጫዎች፣ በተለይም ከ10 ኪሎ ሜትርና ከግማሽ ማራቶን ውጤት ነው።

ለዚህ ስሌት በስፋት የሚሠራበትን ቀመር ያወጣው ፒት ሪገል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ሪገል ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1977 ረነርስ ወርልድ በተባለው የሩጫ መጽሔት ላይ ያቀረበ ሲሆን፣ ሰፋ ያለውን ትንታኔ ደግሞ በ1981 አሜሪካን ሳይንቲስት በተባለው መጽሔት ላይ አሳትሟል። መሠረታዊ ሐሳቡ፣ ርቀት ሲጨምር የሰው ፍጥነት ይቀንሳል፣ የሚቀንሰውም በዘፈቀደ ሳይሆን ሊሰላ በሚችል ሥርዓት ነው የሚል ነው። የሚገመተው ርቀት ቀድሞ ለተሮጠው ርቀት ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻ፣ 1.06 በምትባል ቁጥር ኃይል ከፍ ይደረግና ቀድሞ በተሮጠው ሰዓት ይባዛል። ይህችን ቁጥር ለዚህ ጽሑፍ ያህል የድካም ቁጥር ብሎ መጥራት ይቻላል። የድካም ቁጥሩ 1 ቢሆን ኖሮ ሯጩ ፈጽሞ አይደክምም፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱም እጥፍ ብቻ ይሆናል ማለት ነበር፤ 1.06 ሲሆን ግን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱ በ2.085 ይባዛል። በዚህ መሠረት 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ማራቶንን በ3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚጨርስ ደግሞ በ3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል ተብሎ ይገመታል።

ቀመሩ በአንድ ቁጥር ብቻ ይህን ያህል መናገር መቻሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የረጅም ርቀት ሯጭ ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ሲሆን፣ አንደኛው ሰውነቱ በደቂቃ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛው የኦክሲጅን መጠን ነው። ሁለተኛው የላክቴት ወሰን ይባላል፤ ላክቴት ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ወሰኑ ደግሞ ንጥረ ነገሩ ከሚወገደው በላይ በደም ውስጥ መከማቸት የሚጀምርበት ፍጥነት ነው። ሦስተኛው የሩጫ ቁጠባ ነው፤ ይኸውም በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ለመሮጥ የሚወጣው ጉልበት ማነስና መብዛት ነው። ማይክል ጆይነር የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ በላቀ ደረጃ ቢገኙ በሚል አስልቶ፣ የሰው ልጅ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ሊሮጥ እንደሚችል ጽፏል። በዚያን ጊዜ የዓለም ክብረ ወሰን ኢትዮጵያዊው በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበርና፣ ስሌቱ ለብዙዎች የማይታመን ነበር። 10 ኪሎ ሜትርና ግማሽ ማራቶን የሚለኩት እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው ግምት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከግማሽ ማራቶን ወደ ሙሉው ሲታለፍ ነው፤ ይህንንም ከለተሰንበት ግደይ ታሪክ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ለተሰንበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2021 ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ በመሮጥ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ70 ሰከንድ አሻሽላለች። ይህ ሰዓት በሪገል ቀመር ሲሰላ የማራቶን ግምቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ይሆናል፤ የሴቶች የማራቶን ክብረ ወሰን ደግሞ በጊዜው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ታኅሣሥ 4 ቀን በዚያችው ከተማ የመጀመሪያ ማራቶኗን ስትሮጥ የገባችው ግን በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ ለመጀመሪያ ማራቶን እስከዚያን ጊዜ በሴቶች ከተሮጡት ሁሉ የፈጠነ ቢሆንም፣ ከቀመሩ ግምት በ5 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ዘግይቷል። ውድድሩን ያሸነፈችው አማኔ በሪሶ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ የገባች ሲሆን፣ በግማሽ ማራቶን ግን ከለተሰንበት የፈጠነች ሴት በዓለም ላይ አልነበረችም። ከለተሰንበት ሁለት ሰዓቶች ተነሥቶ የራሷ የድካም ቁጥር ቢሰላ 1.12 ገደማ ይመጣል፤ በ1.06 እና በ1.12 መካከል ያለችው ጥቂት ክፍልፋይ በማራቶን ላይ ወደ ስድስት ደቂቃ ትጠጋለች።

ይህ ማለት ግን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የሚለው ቁጥር ቅዠት ነበር ማለት አይደለም። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ ክብረ ወሰኑን ስትሰብር፣ ቀመሩ ከለተሰንበት ውጤት ካወጣው ግምት በ49 ሰከንድ ብቻ ነው የራቀችው። ትዕግሥት ደግሞ በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተወዳደረች አትሌት ናት፤ ያኔ ከነበራት ሰዓት ተነሥቶ ለዚህ ደረጃ ሊያጫት የሚደፍር አሰልጣኝ ይኖር ነበር ማለት ያስቸግራል።

በግማሽ ማራቶን የማይታየው፣ በሙሉው ግን የሚወስነው ነገር የሰውነት ስንቅ ነው። ሩጫን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ነዳጅ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ከምግብ ተገኝቶ በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማች የስኳር ክምችት ነው። አንድ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ በግምት 60 ካሎሪ ያወጣል፤ ለግማሽ ማራቶን 1,270፣ ለማራቶን ደግሞ ከ2,500 በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። የግላይኮጅኑ ክምችት ግን ብዙውን ጊዜ 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ግማሽ ማራቶን የሚሮጥ ሰው ስንቁ ሳያልቅ፣ ጉድለቱም ሳይታወቅበት ይገባል፤ ማራቶን የሚሮጠው ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል፣ ሰውነቱም ቀስ ብሎ ወደሚነደው ስብ ለመዞር ይገደዳል። ረጅም ልምምድ ያደረገ ሯጭ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ስብ እያነደደ ግላይኮጅኑን ይቆጥባል፤ ጡንቻውም በሺዎች በሚቆጠሩ የአስፋልት ምቶች ቶሎ አይጎዳም። ይህ ጽናት የሚገኘው በሳምንታት ረጃጅም ሩጫ ስለሆነ፣ የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓት ስለ መኖሩም ሆነ ስለ አለመኖሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ለዚህም ነው ቀመሩ ከታዋቂ አትሌቶች ይልቅ ተራውን ሯጭ ይበልጥ የሚያሳስተው። አንድሩ ቪከርስና ኤሚሊ ቨርቶሲክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2,300 በላይ ለጤናና ለደስታ የሚሮጡ ሰዎችን ውጤት መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ የሪገል ቀመር እስከ ግማሽ ማራቶን ድረስ መልካም ግምት እንደሚሰጥ፣ ለማራቶን ሲሆን ግን ለግማሾቹ ሯጮች ከእውነተኛው ሰዓታቸው ቢያንስ በ10 ደቂቃ የፈጠነ ሰዓት እንደሚተነብይ አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ ሯጩ በሳምንት የሚሮጠውን ኪሎ ሜትር በስሌቱ ውስጥ ማስገባታቸውም ተገቢ ነበር፤ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥና 90 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሁለት ሰዎች በግማሽ ማራቶን እኩል ቢገቡ እንኳ በማራቶን እኩል ይገባሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልምና።

ሯጩ የራሱን የድካም ቁጥር ከሁለት ውድድሮች ሊያገኝ ይችላል። 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ፣ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ የሮጠ ሰው ቢወሰድ፣ ከ10 ኪሎ ሜትሩ ብቻ ተነሥቶ ሲሰላ ማራቶኑ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ ከግማሽ ማራቶኑ ብቻ ተነሥቶ ሲሰላ 3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ተኩል፣ ሁለቱ ተነጻጽረው በሚገኘው 1.08 የድካም ቁጥር ሲሰላ ደግሞ 3 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ሦስቱም መልሶች የአንድ ሰው ናቸው፤ ሊታመን የሚገባው የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ሰው ምን ያህል እንደሚደክም ከራሱ እግር የተገኘ ማስረጃ ይዟል።

ግምቱ የሚመካበት ውጤት ራሱ ትክክል ካልሆነ ደግሞ የትኛውም ቀመር አያድነውም። የመንገዱ ርዝመት ቀዳሚው ነው፤ ሪገል ራሱ የውድድር መንገዶችን በመለካት ሥራ የታወቀ ሰው የነበረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ትክክለኛ ልኬት የሚደረገው የጎማው ዙር አስቀድሞ በተፈተሸ ብስክሌት ነው። 10 ኪሎ ሜትር የተባለ መንገድ በ300 ሜትር ቢያጥርና አንድ ሰው በ50 ደቂቃ ቢጨርሰው፣ የማራቶን ግምቱ ከ7 ደቂቃ በላይ ይሳሳታል። ከፍታም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት ባለው መንገድ፣ በብዙ ሺሕ ሰው መካከል የሚሮጥ በመሆኑ፣ በዚያ የተገኘ ሰዓት ሜዳማ በሆነችው በበርሊን ከሚገኘው የዘገየ ነው። የአዲስ አበባ ሯጭ ይህን ውጤቱን ይዞ ባሕር ጠረፍ ላይ ለሚሮጥ ማራቶን ቢያሰላ አቅሙን ያሳንሳል፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ከሆነ ግን ከከፍታው የሚያተርፈውን ሙቀቱ መልሶ ሊወስድበት ይችላል።

የውጤቱ ዕድሜም መታየት አለበት። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በግማሽ ማራቶን 59 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የሮጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ከዚህ የሚሰላው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው፤ እርሱ ግን በ2022 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ገብቷል። ቀነኒሳ በቀለ በአንጻሩ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰኑን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ያስመዘገበው በ2005 ብራስልስ ውስጥ ነው፤ የመም ሩጫ ቢሆንም ይኸው ሰዓት ሲሰላ 2 ሰዓት ከ0 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ይሰጣል። የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2014 ፓሪስ ላይ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ሮጠ፣ በ2015ና በ2017 ዱባይ ላይ አቋርጦ ወጣ፣ በ2019 በርሊን ላይ ግን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ ከቀመሩ ግምት 44 ሰከንድ ብቻ ቀረው። የጫማ መሻሻልም እንዳገዘው አያጠራጥርም፤ ዋናው ነገር ግን መም ላይ የታየው አቅም ወደ ማራቶን እስኪለወጥ የዓመታት ድካም መጠየቁ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ተግባራዊ የሚሆነው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር በሚሮጥበት ፍጥነት ላይ ነው። ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በ1.06 ቢያሰላ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንዲሄድ ይነገረዋል፤ በ1.10 ቢያሰላ ግን 5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። ረጃጅም ልምምዶች የጎደሉት ሯጭ የፊተኛውን መርጦ 30ኛውን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ ስንቁ አልቆ ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ ተኩል ቢጎተት፣ ማጠናቀቂያው መስመር ላይ የሚደርሰው በ3 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ገደማ ነው። የኋለኛውን የመረጠው በ30ኛው ኪሎ ሜትር ከፊተኛው በ4 ደቂቃ ተኩል ዘግይቶ፣ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልፋል፤ ፍጥነቱን ይዞ ከዘለቀ ግን በ3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይገባል፣ ጉልበቱ ከተረፈም ለመጨረሻዎቹ 12 ኪሎ ሜትሮች ወደ 5 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ከፍ ብሎ ሁለት ደቂቃ ሊጠጋ የሚችል ጊዜ ማትረፍ ይችላል።