የናይሮቢ ሰርቨሮችና የምሽቱ መብራት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023፣ አርብ ማታ፣ የኬንያ አብዛኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ጨለማ ዋጠው። በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ መጠባበቂያ ጄኔሬተር አልነሳ ብሎ መንገደኞች በጨለማ ቆሙ፤ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኪፕቹምባ ሙርኮመን በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያው አካባቢ ወደ ከተማ በሚያስገባው የሞምባሳ መንገድ ዳር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ታስበው የተሠሩ ሕንፃዎች አሉ። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ የባትሪው ክምር ይረከባል። ባትሪው የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው። በዚያች መሐል የናፍጣ ጄኔሬተሮቹ ተነስተው ሸክሙን ይቀበላሉ፤ ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች ለቅጽበት እንኳ ሳይቋረጡ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ሕንፃዎቹ ዳታ ሴንተር ይባላሉ። ሊኩዊድ ቴሌኮም በ2013 ኢስት አፍሪካ ዳታ ሴንተርን በሳሚር ቢዝነስ ፓርክ ከፈተ። በ2024 ደግሞ አይኤክስአፍሪካ እዚያው መንገድ ላይ በ4.5 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመረ፤ ዕቅዱ 22.5 ሜጋ ዋት መድረስ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የኬንያ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ በ2002 በቋሚነት ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ከአንዱ የናይሮቢ ቢሮ ወደ ጎረቤት ቢሮ የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት ባሕር ተሻግሮ ይመለስ ነበር። መረጃው ወደ አገር ቤት እየገባ ሲሄድ የመብራት ቆጣሪውም አብሮት ገባ።

አንድ የኢንተርኔት ፍለጋ የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው። ጉግል በ2009 በሰጠው ስሌት አንድ ፍለጋ 0.3 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ሁለት ደቂቃ እንኳ አያበራም። በ2025 ባወጣው መረጃም ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ለጀሚናይ የሚቀርብ መካከለኛ የጽሑፍ ጥያቄ 0.24 ዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ገልጿል። ድምሩ ግን ሌላ ነገር ነው። የጉግል ዳታ ሴንተሮች በ2024 ብቻ 30.8 ቴራ ዋት ሰዓት ተጠቅመዋል፤ ይህም በ2020 ከተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ነው። መላው ኬንያ በዓመት የሚያገኘው ኃይል 14 ቴራ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ኩባንያ የኬንያን ሁለት እጥፍ ይበላል ማለት ነው።

ጉግል ናይሮቢ ላይ ቢሮ የከፈተው በ2007 ቢሆንም፣ በአፍሪካ የክላውድ ማዕከሉን የተከለው ጆሃንስበርግ ነው። ስለዚህ የናይሮቢ ሰው የሚፈልገው ነገር ብዙው የሚስተናገደው በሰው አገር መብራት ነው። በሜይ 2024 ግን ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ዋሽንግተንን ሲጎበኙ ማይክሮሶፍትና የአቡዳቢው ጂ42 በኦልካሪያ የከርሰ ምድር እንፋሎት የሚሠራ ዳታ ሴንተር ለመገንባት የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ይፋ አደረጉ። መነሻው 100 ሜጋ ዋት፣ መድረሻው 1,000 ሜጋ ዋት። የመላ አገሪቱ ከፍተኛ ፍላጎት በ2025 ከ2,300 ሜጋ ዋት ብዙም አልራቀም ነበር። በዚያው ዓመት ሩቶ ራሳቸው ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መብራት በፈረቃ እንደሚቆረጥ ተናግረዋል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጠመደው «ስንት ሜጋ ዋት?» በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ ነው እላለሁ።

ምክንያቱን ለማየት ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ወዳለችው ኦልካሪያ መሄድ ነው። ከ1981 ጀምሮ እዚህ ከመሬት ሆድ የሚወጣ እንፋሎት ተርባይን ያዞራል፤ ብረቱ ሲግል እንዲለጠጥ ተብለው በየመሐሉ የታጠፉ ወፋፍራም ቱቦዎች ሸለቆውን ተሻግረው ይሄዳሉ። ከኬንያ መብራት አርባ በመቶ ገደማው ከዚህ ይመነጫል። ሌሊት ናይሮቢ ስትተኛ ፍላጎቱ ከምሽቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጉድጓዱን እንደ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ስለማይቻል የተረፈው እንፋሎት እያገሳ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። ሰርቨር እንቅልፍ የለውምና ያንን እንፋሎት ቢጠቀምበት ማንንም አይጎዳም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እራት ይበስላል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል፣ ጉድለቱን ለመሙላት በነዳጅ የሚሠሩ ጣቢያዎች ይነሳሉ። ያው ሰርቨር፣ ያው ፍለጋ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት የነዳጅ ጭስ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይባክን የነበረ እንፋሎት ማለት ነው። በዓመት አማካይ ብቻ «90 በመቶ አረንጓዴ» የሚል ማስታወቂያ ይህን ይሸፍነዋል።

ንጹሕ የሚባለውም ኃይል ያለ ዋጋ አልመጣም። ኦልካሪያ አራት ለተባለው ጣቢያ ሲባል በ2014 የማሳይ ቤተሰቦች ከቀዬአቸው ተነስተዋል። አቤቱታቸው እስከ ዓለም ባንክ የምርመራ ቡድን ደርሶ በሽምግልና ታይቷል።

ጉዳዩ ለኛ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ የተዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር መስመር ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ እስከ 200 ሜጋ ዋት የኢትዮጵያ ኃይል ለኬንያ ያደርሳል፤ መሸከም የሚችለው 2,000 ነው። የሞምባሳ መንገድ ሰርቨሮች ከሚጠጡት ላይ የኛ ወንዞች ድርሻ አለበት። አገር ቤትም ቢትኮይን የሚቆፍሩ ማሽኖች ብዙ መቶ ሜጋ ዋት ሲወስዱ አይተናል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በ2025 አዲስ ፈቃድ አልሰጥም እስከማለት ደርሷል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት ባላገኘበት አገር ይህ ውሳኔ ዘገየ እንጂ አልፈጠነም።

ዳታ ሴንተር ይቅር አልልም። ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ ሰርቨር ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ኃይል ከበረሃ ከተሞች ያነሰ ነው። የኢንተርኔት ሥራ ሁሉም እኩል አይቸኩልም። ለፈላጊው መልስ መስጠት ሊዘገይ አይችልም፤ የድረ ገጾችን ማውጫ ማደስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠልጠን ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ጉግል ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ንጹሕ ኃይል ወደሚገኝበት ሰዓት ማዛወር ጀምሯል። በ2025 ደግሞ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ የዳታ ሴንተሮቹን ፍጆታ ለመቀነስ ከኢንዲያናና ከቴነሲ ኃይል አቅራቢዎች ጋር ተስማምቷል። ለኢንዲያና ቤተሰብ የተፈረመ ግዴታ ለናይሮቢ ሰፈሮቹ ለካዮሌና ለኪቤራ ቤተሰብ የማይፈረምበት ምክንያት የለም። የኬንያ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ለእያንዳንዱ ትልቅ ዳታ ሴንተር መስመር ከመፍቀዱ በፊት ሁለት ነገር በውሉ ውስጥ ያስጽፍ፤ ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚስበውን ኃይል በየወሩ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ፣ በእነዚያ ሰዓታትም ስንት ሜጋ ዋት እንደሚቀንስ።