አሮጌው ካሜራ በመንዝና በመርሐቤቴ ደጋ

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን ምድር ያየ ሰው ርቀት በዚያ አገር ሁለት ልክ እንዳለው ያውቃል፤ አንዱ ዓይን የሚለካው፣ ሁለተኛው እግር የሚለካው ነው። በዓለም ከተማ ዳርቻ ቆሞ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚመለከት መንገደኛ ከማዶ ያለውን ደብር ከነአፀዱና ከነክዳኑ በዓይኑ በቅጽበት ይደርስበታል፤ በእግሩ ሊደርስበት ቢነሣ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በማዶው ዳገት ላይ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሲወጣ ይመሽበታል። ጀማና ወንጪት ያን አገር እንዲህ ከፋፍለውታል፤ በምሥራቅ በኩልም የመንዝ ደጋ በጓሳ ጫፍ ላይ በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤፍራታና ግድም ቆላ ቁልቁል ይወርዳል። ሩቁን ወደ ዓይን የሚያቀርብ መሣሪያ በሌላ አገር ትርፍ ጌጥ ቢሆን፣ በዚህ ግን የምድሩ ተፈጥሮ ራሱ የሚጠራው ነውና፣ ረጅም ሌንስ ያለውን አንድ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ ከአንባብያን ጋር ማስተዋወቅ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ይህ ካሜራ ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ 10 አይኤስ ይባላል። ለገበያ የቀረበው በ2008 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ስላለፈው ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ወይም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሰውነቱ ጥቁር፣ ክብደቱ ያለ ባትሪ 560 ግራም፣ በቀኝ በኩል ሙሉ እጅ የሚጨብጠው ወፍራም እጀታ ያለው ነው። በእጀታው ውስጥ ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛትን ዓይነት ድንጋይ አራት ይጎርሳል፤ ይህም የራሱን ልዩ ባትሪና የራሱን ልዩ ቻርጀር ከሚፈልገው ዘመናዊ ካሜራ ይልቅ መብራት ባልገባበት ቀበሌ ለሚውል ሰው እጅግ የሚመች ነገር ነው። በማንሻው ቁልፍ ዙሪያ ያለችውን ቀለበት በሌባ ጣት ሲገፉአት፣ ሌንሱ ከካሜራው ሆድ እየወጣ ይረዝማል፤ ያን ጊዜም ከማዶ ያለው ነገር ሁሉ እየሰፋ፣ እየቀረበ፣ የሌላው ዓለም ጠርዝ ግን ከሥዕሉ እየወጣ ይሄዳል።

የዚህ አሠራር ምሥጢር በሁለት ነገሮች መካከል ባለው ምጣኔ ላይ ያረፈ ነው፤ እነርሱም ሌንሱና ብርሃን ተቀባዩ ሰሌዳ ናቸው። ፊልም የሌለበት የሥዕል ጥበብ መንገዱ የተጠረገለት በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ የተባሉ ሊቃውንት በአሜሪካ በቤል የምርምር ተቋም ሲሲዲ የተባለውን ረቂቅ ሰሌዳ ባሰቡ ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ሥራቸው ከ40 ዓመት በኋላ በ2009 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። በ1975 የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ስቲቨን ሳሶን በዚሁ ዓይነት ሰሌዳ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሲሠራ፣ 10,000 ነጥብ ብቻ ያለውን አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል በካሴት ላይ ለመቅረጽ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። እኛ የያዝነው አሮጌ ግን 10 ሚሊዮን ነጥብ በቅጽበት የሚጽፍ ነው፤ ሆኖም ይህን ሁሉ ነጥብ የተሸከመው ሰሌዳ ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ከአንዲት የምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጥ ነው። ሰሌዳው እንዲህ ማነሱ ነው የሌንሱን ኃይል የሚያበዛው፤ ምክንያቱም ከ5 እስከ 100 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው ይህ ሌንስ በዚያች ጠባብ ሰሌዳ ላይ የሚያሳርፈው ሥዕል፣ በጥንቱ የፊልም ካሜራ ከ28 እስከ 560 ሚሊ ሜትር ያለው ሌንስ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነውና። የ560 ሚሊ ሜትር ሌንስ በፊልሙ ዘመን ክንድ የሚያህል፣ ባለሦስት እግር ማቆሚያ የሚሻ፣ በቅሎ የሚያስጭን ዕቃ ነበር።

ነገሩ በቁጥር ቢታይ ይበልጥ ይገለጣል። ከራሱ እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ያህል የሚሆን ቀይ ቀበሮ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቢቆም፣ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ በረዘመ ጊዜ የቀበሮው አምሳል በሰሌዳው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከሥዕሉ ወርድ አንድ ስድስተኛ ገደማ፣ በነጥብ ሲቆጠር 590 ያህል ነው። ሌንሱ ባጠረ ጊዜ ግን ያው ቀበሮ 30 ነጥብ እንኳ አይሞላም፤ ከሣሩ የማይለይ ቀይ ጠብታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በስልክም ሆነ በካሜራ ያለ ሌንስ በሒሳብ ብቻ የሚደረገው ማጉላት ያንኑ 30 ነጥብ ከመለጠጥ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም፤ ገዥ የሆነ ሰው መጠየቅ ያለበት በመስተዋት የሚቀርበውን ልክ ነው እንጂ በሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም።

ቀይ ቀበሮን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋው ጓሳ፣ ይህ ካሜራ የተፈጠረበትን ግብር ሁሉ የሚፈጽምበት ስፍራ ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በተባለው ሥርዓታቸው ሣሩን ለዓመታት ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገሳ እያጨዱ የጠበቁት ምድር ነው፤ ሥርዓቱ በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ስፍራነቱ ዛሬም አልቀረም። በዚያ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ቀይ ቀበሮውም በጠቅላላው ቁጥሩ ከ500 የማያልፍ፣ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረት ነው።

የሁለቱ ነገር ደግሞ አንክሮን የሚያሳድር ነው። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በጓሳ ባደረጉትና በ2015 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጡት፣ ቀበሮው በሚግጡት ጭላዳዎች መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን ይዘው ሳለ እርሱ በመካከላቸው ሲመላለስ አይሸሹትም፤ እርሱም ቀስ ብሎ፣ ከቶ ሳይዘል፣ እንደ ማኅበረተኛ ሆኖ ያልፋል። ይህን ሰላም በሥዕል ለማስቀረት የሚሻ ሰው ወደ መንጋው እየተጠጋ ቢሄድ የሚያነሣው የሸሹትን ጀርባ ነው። በሩቁ ጉብታ ላይ፣ ጅብራ በተተከለ ካስማ አምሳል ከቆመበት አጠገብ ተቀምጦ፣ ክርኖቹን በጉልበቶቹ ላይ አሳርፎ፣ ሌንሱን ቢያረዝም ግን፣ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ነጭ ጥርሱን ሲያሳይ፣ የደረቱም ቀይ መልክ ከጎፈሩ መካከል ሲገለጥ ያያል፤ እንስሳውም መታየቱን ሳያውቅ ግጦሹን ይቀጥላል። እኔ የዚህን መሣሪያ ከሁሉ የሚበልጥ ክብር የማየው በዚህ ነው፤ የሚያከብሩትን ፍጥረት ሳይነኩና ሳያውኩ ማየት ያስችላል።

እርግጥ ነው፣ ዕድሜው ትዕግሥት ይጠይቃል። ማንሻውን አንዴ ጫን ሲሉት ወዲያው አያነሣም፤ በመጀመሪያ በግማሽ ተጭኖ፣ ትኩረቱ ሲይዝ የምትበራዋን አረንጓዴ ምልክት ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ መጫን ያሻል። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ብርሃን የሚያስገባው ዓይኑ ይጠባል፤ ስለዚህ ደመና በወረደ ጊዜ ሰሌዳውን ከ400 በላይ በሆነ የብርሃን ንቃት ማሠራት ግድ ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ አሸዋ የተረጨ ይመስላል። በውስጡ ያለው መንቀጥቀጥን የሚያበርድ መስተዋት የእጅን ድካም ይረዳል እንጂ የሚሮጠውን አውሬ አያቆምም። በጀማ ሸለቆ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ከቆላው የሚነሣው የሙቀት ሞገድ የማዶውን ገደል ሁሉ እንደ ውሃ ያወዛውዘዋል፤ ለዚህ ምንም ዓይነት ሌንስ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒቱ በማለዳ መነሣት ብቻ ነው። በጀማና በዓባይ ሸለቆዎች ብቻ የሚኖረውን፣ ሐርውድ በተባለ ሰው ስም የሚጠራውን ቆቅ ለማየት የሚሻም ቢሆን የሚሳካለት ያኔ፣ ወፉ ከእርሻ ዳር ወጥቶ ሲጮኽ ነው።

ብርዱን በተመለከተ የደጋው ሰው የሚያውቀውን ካሜራውም ያውቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ በጓሳ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ተራው የሰዓት ድንጋይ ኃይሉ ይከዳዋልና፣ ሌንሱ በግማሽ መንገድ ወጥቶ ሊቆም ይችላል። ቻርጅ የሚደረገው ዓይነት ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው መለዋወጫ አራቱን በጋቢ ሥር፣ በብብት አጠገብ ይዞ መጓዝ ነው፤ የበረዱትም ሲሞቁ አቅማቸው በከፊል ይመለሳል። ከውጭ በርዶ የገባውን ካሜራ እሳት በሚነድበት ቤት ወዲያው መግለጥ አደጋ አለው፤ የቤቱ እርጥበት በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድበታል፤ ወደ ውስጡም ዘልቆ ያበላሸዋል። ደጅ ላይ ሳሉ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ማስገባትና የቤቱን ሙቀት እስኪለምድ ሳይከፍቱ መተው ይበቃዋል። አቧራና የማገዶ ጢስም እንዲሁ ነው፤ የሚወጣና የሚገባ ሌንስ አየር ይስባልና፣ በነፋስ መካከል ደጋግሞ ማስረዘምና ማሳጠር አይገባም።

ይህ መሣሪያ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ጥቅም ብዙ ሰው አያስተውለውም። በጥንታዊው ክብ ሕንፃ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ሆኖ፣ የላይኛው ረድፍ ከሰው ዓይን ይርቃል፤ ወደ ውስጥ መግባትም ለሁሉ የተፈቀደ አይደለም። በካህናቱ ፈቃድ በቅኔ ማኅሌቱ ዓምድ ላይ ተደግፎ የሚቆም ሰው ግን፣ በሌንሱ የሠዓሊውን የብሩሽ ጭረት፣ ከሥዕሉ ግርጌ የተጻፈውን የአሠሪውን ስምና ጣሪያ አፍስሶ ውሃ የላጠውን ስፍራ ሳይቀር ለይቶ ማንሣት ይችላል። ፍላሹ በእጅ ካልተነሣ የማይበራ በመሆኑ በድንገት በርቶ ጸሎቱን አያውክም። ብራና ሲያነሡ ሌንሱን ባጠረበት ጫፍ ላይ መተው ግን ስሕተት ነው፤ በዚያ ወገን ቀጥ ያለው የገጽ መሥመር ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሌንሱን በመጠኑ አስረዝሞ፣ መጽሐፉን ከበሩ በሚገባው ብርሃን ላይ ማንሣት ገጹን እንደ ተፈጥሮው ያቆየዋል። በ1970ዎቹ የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን አስቀርቶልናል፤ የሸንኮራው ተወላጅ ሊቁ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌም ብዙዎቹን በሚኒሶታ ተቀምጠው በዝርዝር መዝግበዋል። ያ ሥራ ያልደረሰበት የገጠር ደብር ዛሬም ብዙ ነውና፣ አጥቢያው የራሱን ቅርስ በራሱ ልጆች እጅ በሥዕል መዝግቦ ቢይዝ፣ የጠፋው ሲፈለግ የነበረበትን መልክ የሚመሰክር ያገኛል።

ለሥራው የሚያስፈልገው ካርድ ኤስዲ የሚባለው ነው፤ ነገር ግን ካሜራው የሚቀበለው እስከ 32 ጊጋባይት ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ዛሬ በየሱቁ የሚቀርበው 64 እና 128 ከእርሱ በኋላ የወጣ ሥርዓት ያለው በመሆኑ አያገለግለውም፤ ስለዚህ ትንሹን ፈልጎ መግዛት ይገባል። ሥዕሉ በካርዱ ላይ ብቻ እንዳይቀር በኮምፒዩተርና በሌላ ዲስክ፣ በሁለት ስፍራ መገልበጥ ያሻል። ካሜራው የሚመዘግበው ቀን የፈረንጆቹ በመሆኑና የሰዓቱ ትንሿ ባትሪ ስትሞት እርሱም የሚጠፋ በመሆኑ፣ የቦታውን፣ የደብሩን፣ የበዓሉንና የዕለቱን ስም በእኛው ዘመን አቆጣጠር በደብተር ላይ ከሥዕሉ ቁጥር ጋር አብሮ መጻፍ የባለቤቱ ፋንታ ነው።