ከሱሉልታ እስከ ሮማ፤ ለዕረፍት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ቤተ ሰብ የመጀመሪያ ቀኑን እንዴት ይዋለው?

ለረጅም ዕረፍት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ስለ ልብሱ፥ ስለ ስንቁና ስለ ገንዘቡ ብዙ ያስባል፤ ስለ መጀመሪያው ቀን ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ነገር ግን የአንድ ወር ጉዞ መልካም ወይም አስቸጋሪ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚለየው በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ቀን ያለ ልክ የደከመ ሕፃን ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭ ይሰነብታል፤ በዚያ ቀን ያልተደላደሉ አያት «ምነው ከቤቴ በቀረሁ» ይላሉ፤ አባወራውም ከሻንጣና ከሰዓት ጋራ ሲታገል የመጣበትን ደስታ ይረሳል። ስለዚህ አዲስ አበባን ከበው በሚገኙት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህን ቀን ከዋዜማው ጀምሮ እንዴት ቢያሳልፉት እንደሚሻል በዚህ ገጽ እንጽፋለን። ለምሳሌም ሮማን መርጠናል፤ ከአገራችን ታሪክ ጋራ የተያያዘ ብዙ ነገር የሚታይባት ከተማ ናትና።

በዱሮው ዘመን የመንገደኛው የመጀመሪያ ቀን ከዛሬው እጅግ የተለየ ነበር። የምድር ባቡር በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ብዙ ዘመን የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበረ፥ ጧት ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው አንዱን ሌሊት በአዋሽ፥ ሁለተኛውን በድሬ ዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል፤ ከዚያም መርከብ ይሳፈራል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በሚያዝያ ወር 1916 ዓ. ም. ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ለጉብኝት ሲሄዱ መንገዳቸው በዚሁ ሐዲድና በባሕር ነበር። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ. ም. ሲሆን፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የውጭ አገር በረራ አደረገ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ሮማ ያለው መንገድ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ቢወስድ ነው።

ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በባቡሩ ዘመን የሰው አካልና ልብ አብረው ይጓዙ ነበር፤ የቈላው ሙቀት በአዋሽ ይለመዳል፥ ባሕሩ በጅቡቲ ይታያል፥ የባዕድ ቋንቋም በመርከብ ላይ ጥቂት በጥቂት ይሰማል። ዛሬ ግን አካል በአንድ ሌሊት ሲደርስ ልብ በቤቱ ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ቀን ዋና ሥራ፥ ወደ ኋላ የቀረውን ልብ ታግሦ መጠበቅ ነው።

ጉዞው የሚጀምረው ከቤት ደጃፍ ነው። ሰበታ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታም ከእንጦጦ ወዲያ በሰሜን በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ. ም. ሦስቱም ከሌሎች ከተሞች ጋራ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ያለው ግን በከተማው ደቡብ ምሥራቅ ስለ ሆነ፥ ከነዚህ ከተሞች የሚነሣ መንገደኛ አዲስ አበባን ማለፍ አለበት። በምሽት ሰዓት፥ ይልቁንም በክረምት ዝናብ ጊዜ፥ መንገዱ በመኪና የተጨናነቀ ነው። የሸኚዎች ስንብትም አጭር እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ምርቃቱ፥ እንባውና «ይህን ደግሞ ያዙ» የሚለው ጥቅል ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ስንብቱ በዋዜማው ቀን፥ ቡናው ተፈልቶ፥ ሽማግሌዎች መርቀው ቢጨረስና በመነሻው ምሽት የሚሸኙት ጥቂት ቢሆኑ ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የሰዓቱና የቀኑ አቈጣጠር ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ አይሮፕላን አምልጦታልና። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ከቦሌ የሚነሡት በሌሊት ነው። ቲኬቱ የሚጻፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፥ በዚያ አቈጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። ለምሳሌ በቲኬቱ ላይ «ጁላይ 8፥ 00:15» ተብሎ ቢጻፍ፥ ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ቀን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሐምሌ 1 ቀን ማታ ዕቃውን ጭኖ ቦሌ ይደርሳል። አይሮፕላኑ ግን የሄደው ባለፈው ሌሊት፥ ሰኔ 30 ለሐምሌ 1 አጥቢያ፥ ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ከሩብ ነው። ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚገባ፥ ይህ ቤተ ሰብ ሰኔ 30 ቀን ከምሽቱ በ3 ሰዓት ከሩብ በቦሌ መገኘት ነበረበት፤ ለዚህም ከሱሉልታ ጀምበር ሳትጠልቅ ቢነሣ ባልበዛበት። እንግዲህ ቲኬቱ እንደ ተገዛ የመነሻው ሌሊት በሁለቱም አቈጣጠር በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በሳሎን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከቤተ ሰቡም ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው ቈጥረው ያመሳክሩት።

ስለ ስንቅ ደግሞ ለእመቤቶች የምንለው አለን። ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ ለባዕድ አገር ናፍቆት መድኃኒት መሆናቸውን እናውቃለን። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ይህ ሁሉ ድካም በሮማ ጉምሩክ ይወሰዳል። በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥም ፈሳሽ ነገር በብዛት ይዞ ወደ አይሮፕላን መግባት የተከለከለ ስለ ሆነ፥ የማሩ ማሰሮ በትልቁ ሻንጣ ካልሆነ አያልፍም። ለመንገድ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይበቃል። የአያቶች መድኃኒት፥ የሕፃናት ቅያሪ ልብስና ፓስፖርቶቹ ግን ከእጅ ቦርሳ አይለዩ።

ብዙ ሰው በአይሮፕላን ውስጥ አየር ያጥረኛል ብሎ ይሰጋል። የአይሮፕላኑ ክፍል አየር ግን በመኪና ኀይል እየተጨመቀ የሚያዝ ነው፤ ውፍረቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ ከሚተነፈሰው ጋራ ይተካከላል። የቦሌ ሜዳ ራሱ 2,334 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የሱሉልታ ሰው በሰማይ ላይ የሚተነፍሰው አየር በደጁ ከሚተነፍሰው የሳሳ አይደለም። ይልቁንስ የሚጎዳው የአየሩ ድርቀትና ረጅም መቀመጥ ነው፤ ለዚህም ውኃ ደጋግሞ መጠጣት፥ በየጊዜውም ተነሥቶ በመተላለፊያው ጥቂት መራመድ ይገባል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። አይሮፕላኑ ወደ ባሕር ወለል ሲወርድ ጆሮ ይደፈናልና፥ በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ጡት ይጥባ፥ ከፍ ያሉትም ልጆች ከረሜላ ይምጠጡ።

የሌሊቱ መንገደኛ ሮማ የሚደርሰው በማለዳ ነው። የሮማ ሰዓት ከእኛ በክረምታችን ወራት አንድ ሰዓት፥ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ድካሙ እንግዲህ የሚመጣው ከሰዓቱ ልዩነት ይልቅ ሳይተኙ ከማደር ነው። በአገራችን እንግዳ በመጣበት ሰዓት ውኃ ቀርቦለት አልጋ ይነጠፍለታል፤ በሆቴል ግን ክፍሉ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ስለ ሆነ፥ በማለዳ የደረሰ ቤተ ሰብ በደጅ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ይገደዳል። አያትና ሕፃን ያሉበት ቤተ ሰብ ሆቴሉን ከወር በፊት ጠይቆ ክፍሉ በጧት እንዲሰጠው ቢዋዋል፥ ለዚህም ጥቂት ገንዘብ ቢጨምር፥ ከሌላው ወጪ ሁሉ የሚጠቅም ይህ ነው።

ከፊውሚቺኖ አይሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማው የሚወስደው ባቡር ከግማሽ ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ቴርሚኒ ከተባለው ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ ወጥተው የመጀመሪያውን እርምጃ የሚረግጡበት አደባባይ «የአምስቱ መቶ አደባባይ» ይባላል፤ ስሙም በ1879 ዓ. ም. በዶጋሊ ከራስ አሉላ ጦር ጋራ ተዋግተው ለወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ የተሰጠ ነው። የዶጋሊ ሐውልትም ከዚያው አጠገብ ቆሞ ይታያል። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ. ም. ሰይፉን መዝዞ ቁጣውን የገለጸው በዚህ ሐውልት ዘንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተወስዶ የነበረው የይሁዳ አንበሳም በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ልጆች ሻንጣ እየጎተቱ ሲያልፉ ወላጅ ይህን በሁለት ቃል ቢነግራቸው ይበቃል፤ የቀረው ለሌላ ቀን ይቈይ። በየመንገዱ ዳር ሳይቋረጥ ከሚፈሰው የሮማ የቧንቧ ውኃም ይጠጡ፤ ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚሰጠው ከገፈርሳ አጠገብ ያደጉ የቡራዩ ልጆች ከተማ ውኃውን ከየት እንደሚያገኝ መጠየቅ ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ መተኛት ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በመጀመሪያው ቀን የጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን፥ የቫቲካንን ቤተ መዘክርና ኮሎሴዎን በአንድ ላይ አያለሁ የሚል ሰው ሁሉን አይቶ አንዱንም አያስታውስም። በ1541 ዓ. ም. ገደማ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ባሳተሙበት ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ተጠይቆ በሰከነ ልብ የሚታይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት ያህል እንቅልፍ፥ ከዚያም ገላ መታጠብ፥ ቀለል ያለ ምግብም ይብቃ። ከዚህ አብልጦ መተኛት ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ስለሚነሣ አይገባም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ቤተ ሰቡ አንድ ቦታ ለማየት ይውጣ፤ እርሱም ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ ነው። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ. ም. ከአገሩ ተወስዶ በጥቅምት 1930 ዓ. ም. የተተከለው በዚህ ነበር። ከፊቱ ያለው ታላቅ ሕንጻ ለኢጣልያ የአፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፥ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል። ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ. ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአይሮፕላን አክሱም ተመለሰ፤ እንደገና ተተክሎም ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ. ም. ተመረቀ። ዛሬ መንገደኛው በዚያ የሚያየው ሐውልቱ የሌለበትን ቦታ ነው። በሌላው ስፍራ ሁሉ ያለውን ለማየት እንከፍላለን፤ በዚህ ግን ስለሌለ ደስ ይለናል። ልጅ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ ለአባት የምሽቱ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከዚያ በአሥር ደቂቃ ያህል እርምጃ የቈስጠንጢኖስ ቅስት ይገኛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ. ም.፥ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፥ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ያሸነፈው ከዚህ ቅስት ሥር ነው። ሩጫው የተፈጸመው ከመሸ በኋላ፥ በችቦ ብርሃን ነበር፤ አበበም ተፎካካሪውን ለመለየት የመጨረሻውን ኀይሉን ያወጣው በዚያን ጊዜ በስፍራው ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ ሲመላለስ እንደ ነበረ ይነገርለታል፤ የሱሉልታ ሜዳ ዛሬም የሯጮቻችን መለማመጃ ነው። የሱሉልታ ልጅ ጧት ጧት በደጁ የሚያልፉትን ሯጮች አይቶ ያደገ ነውና፥ በዚህ ስፍራ ሲቆም ሮማ ባዕድ አትሆንበትም። ወደ ኋላ የቀረው ልብ አካሉን የሚያገኘው በዚህ ዓይነት ሰዓት ነው።

ሳይተኙ አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ወደ ቤት መደወል ነው። በሮማ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በእኛ 3 ወይም 4 ሰዓት ስለሚሆን፥ በቤት የቀሩት ሽማግሌዎች ሳይተኙ ይጠብቃሉ። በዚያን ጊዜ ስለ ሆቴሉ ዋጋና ስለ ሻንጣው ድካም ማውራት አይገባም። ስልኩ ለሕፃኑ ይሰጥ፤ ያየውን እርሱ ይንገራቸው።