የሳንባን የአየር ከረጢቶች ከፍቶ የሚይዘው ስስ ሽፋን

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ሲተነፍስ፣ ሲያቃስትና ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ሐኪሞች ለወላጆቹ «ሳንባው ገና አልበሰለም» ብለው ያስረዳሉ። ይህ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የአንድን እጅግ ስስ ሽፋን ጉድለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሽፋኑ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያገለግልና ጉድለቱን ለመከላከል ምን ማድረግ እንደሚቻል ማብራራት ነው።

በሳንባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይገኛሉ። የውስጥ ግድግዳቸው በስስ ፈሳሽ የተሸፈነ ነው። የውሃ ሞለኪዩሎች እርስ በርሳቸው ስለሚሳሳቡ የፈሳሹ ገጽ እንደተወጠረ ቆዳ ሆኖ ከረጢቱን ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ ኃይል የገጽ ውጥረት ይባላል። ከረጢቱ ባነሰ መጠን ከፍቶ ለመያዝ የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። ውጥረቱን የሚቀንስ ነገር ከሌለ አየር በወጣ ቁጥር ከረጢቶቹ ይከደናሉ። ግድግዳው የተጣበቀ እርጥብ ፌስታልን መክፈት እንደሚያስቸግር ሁሉ፣ ሕፃኑም እያንዳንዱን ትንፋሽ በከፍተኛ ድካም ለመሳብ ይገደዳል።

ጤናማ ሳንባ ይህን ችግር የሚወጣው ሰርፋክታንት በተባለ ንጥረ ነገር ነው። ከዚህም 90 ከመቶ ያህሉ ቅባት፣ 10 ከመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። የቅባቱ ሞለኪዩሎች እንደ ሳሙና አንደኛው ጫፋቸው ውሃ ወዳድ፣ ሌላው ውሃ ሸሺ በመሆኑ፣ በፈሳሹና በአየሩ ድንበር ላይ ተሰልፈው የአንድ ሞለኪዩል ውፍረት ያለው ሽፋን ይፈጥራሉ። በዚህ አሰላለፍ የኤሌክትሪክ ሙል ድርሻ አለው። ከቅባቶቹ ከፊሎቹ ነጌቲቭ ሙል ሲኖራቸው፣ ኤስፒ-ቢ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ፖዘቲቭ ሙል አለው። ተቃራኒ ሙሎች ስለሚሳሳቡ ፕሮቲኑ ቅባቶቹን ይዞ በፍጥነት ወደ ሽፋኑ እንዲገቡ ይረዳቸዋል። አየር ሲወጣ ሽፋኑ ይታመቅና የገጽ ውጥረቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ፅንሱ ሰርፋክታንትን በበቂ መጠን የሚያገኘው በ35ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ በዚህ በሽታ የሞቱ ሕፃናት ሳንባ ሰርፋክታንት እንደሚጎድለው አሳዩ። ሆኖም መድኃኒት አልነበረም፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በ1963 በተወለደ በሁለተኛው ቀን በዚሁ በሽታ ሞተ። በ1980 ጃፓናዊው ሐኪም ፉጂዋራና ባልደረቦቻቸው ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ለ10 ሕፃናት ሰጥተው መሻሻል መታየቱን አስታወቁ።

ሳንባ በሚቆጣበት ጊዜ ከደም የሚፈስሱ ፕሮቲኖች የድንበሩን ቦታ በመሻማት ሽፋኑን ያዳክማሉ። ተመራማሪዎች እንደ ሃያሉሮናን ያለ ነጌቲቭ ሙል ወይም እንደ ካይቶሳን ያለ ፖዘቲቭ ሙል ያላቸውን ፖሊመሮች ከሰርፋክታንት ጋር ሲቀላቅሉ፣ ሽፋኑ ይህን ጥቃት የተሻለ እንደሚቋቋም በቤተ ሙከራ ተመልክተዋል። ይህ ግን ገና የተለመደ ሕክምና አልሆነም።

ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። በኢትዮጵያ በ5 ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2019 የታተመ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት መካከል በ45 ከመቶዎቹ ዋናው የሞት ምክንያት ይኸው የመተንፈስ ችግር እንደነበረ አመልክቷል። ሰርፋክታንት ውድ ነው፤ ቅዝቃዜና የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል። ስለሆነም መከላከሉ ይቀድማል። ሊጊንስና ሃዊ በ1972 እንዳሳዩት፣ ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የፅንሱን ሳንባ ያፋጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕክምና ከ24 እስከ 34ኛው ሳምንት፣ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል በታወቀበትና በቂ እንክብካቤ ባለበት ቦታ እንዲሰጥ ይመክራል። ከወሊድ በኋላም በአፍንጫ የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጠው ሲፓፕ ከረጢቶቹ እንዳይከደኑ ያግዛል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን እናቲቱ በጊዜ ስትደርስ ነው። ነፍሰ ጡሮች ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢጀምሩ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ይታወቃል። ቀኑ ሳይደርስ ምጥ ሲሰማ ወይም የእንሽርት ውሃ ሲፈስ፣ ሳይነጋ እንኳ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሕፃኑን ትንፋሽ ሊያተርፍ ይችላል።