«ሸማቾች ስኳር ገባ»፦ የኩፖን ትውውቅ ለጀማሪ

በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ ባለው የቀጨኔ ሠፈር «ሸማቾች ስኳር ገባ»፣ ማለትም የሸማቾች ማኅበር ሱቅ ስኳር መጣለት የሚል ወሬ ከአንድ ግቢ ከወጣ ሠፈሩን ለማዳረስ ብዙ አይቆይም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ የነካ እጇን ትታጠባለች፤ ሸማኔው መወርወሪያውን አስቀምጦ የኩፖን ካርዱን ይፈልጋል፤ መውጣት ያልቻለ ደግሞ ካርዱን ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል። የሰልፉን መላ ነባሩ ነዋሪ ያውቀዋል። አዲስ ጎጆ የወጣ ወይም በቅርቡ ወደ ሠፈሩ የገባ ሰው ግን ካርዱ ከየት እንደሚገኝና ምን እንደሚያተርፍ የሚያስረዳው አያገኝም። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው።

በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ ኩፖን የሚባለው ወረቀት የነጋዴ ፈጠራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ አትላንታ ውስጥ ኮካኮላ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ማደል ጀመረ። ዓላማው ሰው መጠጡን ቀምሶ እንዲለምደው ነበር። እኛ ዘንድ ኩፖን የመጣው በተቃራኒው በር ነው፤ ዕቃው ስላነሰ፣ ያለውን ለየቤቱ ለማዳረስ። ስለዚህ የእኛ ኩፖን ከጋዜጣ አይቆረጥም፤ የሚገኘው በቤት ቁጥርና በቤተሰብ ምዝገባ ነው።

ሥሩ ደርግ ዘመን ላይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ቀበሌዎችንም አቋቋመ። ከዚያ በኋላ በየቀበሌው የኅብረት ሱቅ ተከፈተ፤ ስኳር፣ ጨውና ሳሙና፣ እህልም ጭምር በቤተሰብ ቁጥር ልክ በራሽን ካርድ ይሸጥ ጀመር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የኅብረት ሱቆቹ ተዳከሙ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 147፣ ሸማቹ በፈቃዱ እንዲደራጅ መንገድ ከፈተ፤ ዛሬ የሚሠራበት ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ያንን የተካው አዋጅ ቁጥር 985 ነው። የኑሮ ውድነቱ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሲበረታ መንግሥት በድጎማ የሚያቀርበውን ስኳርና ዘይት ለነዋሪው ለማድረስ የመረጠው እነዚህኑ የሸማቾች ማኅበራት ነው።

ጀማሪው መጀመሪያ የሚለየው ነገር ይኸው ነው። ኩፖኑ አንድ ነገር ነው፣ አባልነቱ ሌላ። ኩፖን በነዋሪነት የሚገኝ የመግዛት ተራ ነው፤ አባልነት ግን ገንዘብ ከፍሎ ዕጣ መግዛት፣ የሱቁ ባለቤት መሆን ነው። ብዙ ሰው ኩፖኑን ይዞ ዓመታት ይኖራል፤ አባልነቱን ሳይጠይቅ።

ለኩፖኑ የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ ወደ ወረዳ መሄድ ነው፤ የቤት ቁጥሩና የቤተሰቡ ብዛት ይመዘገባል። ልጅ ሲወለድ ወይም ሰው ሲጨመር ምዝገባውን ማሳደስ አይረሳ። ከዚያ የቀጠናችሁ ሸማቾች ሱቅ የትኛው እንደሆነ፣ ዕቃ ሲገባ የት እንደሚለጠፍ ጠይቁ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስታወቂያ ግን ጎረቤት ነው። በዚህ ሠፈር ከጎረቤት ጋር ቡና ሳይጠጡ ኩፖን መጠቀም አስቸጋሪ ነው።

ካርዱ እጅ ከገባ በኋላ ትልቁ ፈተና ገንዘቡን በዕለቱ ማግኘት ነው። የደመወዝተኛው ወር መጀመሪያና መጨረሻ አለው። የቀጨኔ ባለሙያ ገቢ ግን እንዲህ አይመጣም። የሸማኔው ነጠላና ጥበብ ገዢ የሚያገኘው ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሰሞን ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ በክረምት ጀበናዋና ምጣዷ አይደርቅላትም፣ ማገዶውም እርጥብ ነው። ስኳሩ ደግሞ በራሱ ቀን ይመጣል። ገንዘብ በሌለበት ቀን የገባ ስኳር ተራውን ይዞ ያልፋል፤ ያ ቤተሰብ ያንኑ ስኳር በሳምንቱ ከሱቅ በውድ ይገዛል። ርካሹ ዕቃ ድሃውን የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ይህን ማንሳት ያለብን ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የቤተሰቡ አይደለም። መፍትሔው ሠፈሩ ውስጥ አለ፦ ለሸማቾች ብቻ የተለየ ትንሽ የእቁብ ገንዘብ መያዝ፣ ወይም ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ተስማምተው ያለው ለሌለው ከፍሎ ኋላ መተሳሰብ።

ከሰልፉ በፊት ሒሳብ መሥራትም ይገባል። በሸማቾችና በሱቅ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት በምትገዙት ኪሎ አባዙት፤ ከዚያ ላይ የታክሲውንና የባከነውን የሥራ ሰዓት ዋጋ ቀንሱ። በስኳርና በዘይት ብዙ ጊዜ ትርፉ ግልጽ ነው። በጤፍ፣ በሽንኩርት፣ በምስር ላይ ግን ሸማቾች ሁልጊዜ ርካሽ ነው ብላችሁ አትሂዱ፤ የጥራት ደረጃውን አይታችሁ አወዳድሩ።

ዘይት ላይ ደግሞ ሊትርና ኪሎ አይምታታባችሁ። ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ አምስት ሊትሩ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነው የሚመዝነው። አንዱ ሻጭ በሊትር፣ ሌላው በኪሎ ከነገራችሁ ወደ አንድ መለኪያ ሳትመልሱ ዋጋ አታወዳድሩ። ጀሪካኑ ክዳኑ እንዳልተከፈተና የአገልግሎት ጊዜው እንዳላለፈ እዩ። «የሚረጋው ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት ነው፤ እንደ ቀጨኔ ባለ የእንጦጦ ብርድ በሚወርድበት ሠፈር ማለዳ ነጭ ሆኖ ቢረጋ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ሲሞቅ ይመለሳል። ኩፖኑን ወይም በኩፖን የወጣውን ስኳር ለነጋዴ አሳልፎ መሸጥ ግን ከራስ ጎረቤት መውሰድ ነው፤ ከመጋዘኑ የጎደለው ኪሎ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመችው እናት ድርሻ ነው።

ወደ አባልነቱ እንመለስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 1844 እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ፣ ቶድ ሌን በሚባል መንገድ ላይ፣ 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ከመካከላቸው ሸማኔዎች ነበሩ፤ የፋብሪካ ማሽን ገበያቸውን የነጠቃቸው፣ ነጋዴው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ዱቄት በጎደለ ሚዛን የሚሸጥላቸው። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ይዘው ጀመሩ። ሕጋቸው ቀላል ነበር፦ ንጹሕ ዕቃ፣ ሙሉ ሚዛን፣ በጥሬ ገንዘብ ሽያጭ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ፣ ትርፉም አባሉ በገዛው መጠን ይከፋፈላል። በዓለም ያሉ የሸማቾች ማኅበራት መነሻቸውን ከዚያች ሱቅ ይቆጥራሉ። የሸማኔ ሠፈር ለሆነው ለጉለሌ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

የእኛም አዋጅ ያንኑ መንፈስ ይዟል። አባል ስንት ዕጣ ቢኖረው ድምፁ አንድ ነው፤ አንድ ሰው ከጠቅላላው የተከፈለ ካፒታል ከአሥር በመቶ በላይ ዕጣ መያዝ አይችልም። ስለዚህ አባል የሆነች ሸክላ ሠሪ በጠቅላላ ጉባኤ ተነሥታ ስንት ኩንታል ስኳር ገባ፣ ስንቱ ለማን ወጣ ብላ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት። የቁጥጥር ኮሚቴውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ ልትመረጥም ትችላለች። ከኩፖኑ ይልቅ ይህን መብት የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ፤ ድጎማው ቢቀር እንኳ ሱቁና ሚዛኑ የአባላቱ ሆነው ይቀራሉና። ስትመዘገቡ የዕጣ ክፍያ ደረሰኛችሁን ያዙ፣ የጉባኤ ቀን ጠይቁ፣ ትርፍ ክፍፍል መቼ እንደሚደረግም አስጽፉ።

ያልተፈታው የተከራዩ ጉዳይ ነው። ከጋሞ ደጋ መጥቶ በጉለሌ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚሸምን ወጣት መልቀቂያ ካላመጣ፣ አከራዩም በቤት ቁጥሩ ካላስመዘገበው መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ ከሌለው ኩፖን የለም። መልቀቂያውን ከትውልድ ቀበሌው ማስመጣትና አከራዩን በጊዜ ማነጋገር የመጀመሪያ ሥራው ይሁን። እስከዚያው የእሁድ ገበያ አለለት፤ እዚያ ካርድ የሚጠይቅ የለም፣ ጓደኞቹን አስተባብሮ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ወይም ድንች በጋራ ቢገዛ ከሱቅ በኪሎ ከመግዛት ይሻለዋል።