የታንኳ ወንበር

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ የደብረ ታቦርን ደጋ ለቀው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በሐይቁ ዳር ደንገል ይበቅላል፤ ከደንገሉ ደግሞ ታንኳ ይሠራል። በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ናቸው።

ታንኳ ምስማር አያውቅም። የደረቀው ደንገል እስር በእስር ተደርጎ፣ በልጥ ወይም በገመድ ተጠፍሮ፣ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ነገር ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሁለት ነው። የውጭው አካል ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ እየቆየም ውኃ ይጠጣል። በውስጡ ሌላ ወፍራም የደንገል ንጣፍ ተጋድሟል። ቀዛፊው የሚቀመጠው፣ መረቡም የተያዘው ቀረሶና አምባዛም የሚያርፉት እዚህ ላይ ነው። ታንኳ ውኃ እንዳያስገባ ተብሎ አይደፈንም፤ የሚያንሳፍፈው በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ሰውየውን ከመራስ የሚያድነው የመቀመጫው ከፍታ ብቻ ነው።

ሥራ ሲያበቃ ታንኳው ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ይመታዋል። የራሰ ታንኳ ይከብዳል፣ ይዘቅጣል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። የመቀመጫው ደንገል ሲያረጅ ጥገናው ቀላል ነው፦ አሮጌው ይወጣል፣ አዲስ እስር ይገባል።

ደንገል ላይ የእንጨት ወለል ለመዘርጋት የሞከሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ላይ ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች አሠርተው፣ የእንጨት ወለል አልብሰው፣ በጎንና በጎን በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙላቸው። የእንፋሎት መርከብ ያማራቸው ንጉሥ ያለ እንፋሎት መሞከራቸው ነው። ጀልባው ተንቀሳቀሰ፤ ፍጥነት ግን አልነበረውም።

የጣና ደንገል ውቅያኖስም አይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ በዚህ ደንገል አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ። የኋላዋን ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ስለተዘነጋ ጀልባዋ ከኋላ እየሰመጠች ሄዳ ባርባዶስ ሳትደርስ ቀረች። በዓመቱ «ራ 2» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና ዓሣ አስጋሪ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የኔዘርላንድስ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የኡርክ ሰዎች በነበሩበት ፕሮጀክት። እንዲህ ባለ ጀልባ፣ የትም ይሁን የት፣ መቀመጫ በብሎን ከእንጨት ወለል ጋር ሲታሰር ጣጣውም አብሮ ይመጣል። ባለ እግር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በማዕበል ሲወዛወዝ ክብደቱ እግሩን እንደ መፈንቀያ ይነቀንቀዋል። የሞተሩ ንዝረት ሲታከልበት ቀዳዳው ይሰፋል፣ በቀዳዳው ውኃ ይሰርጋል፣ ከላይ ጤነኛ የሚመስለው ጣውላ ከውስጥ ይበሰብሳል።

ብዙ ሰው ያኔ የሚያደርገው ብሎኑን አጥብቆ ማሰር ነው፤ ትርፉ ግን የላላውን እንጨት ይበልጥ መፈርፈር ነው። የሚያዋጣው ወንበሩን መንቀል፣ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ፍቆ ማውጣት፣ ከደረቀ በኋላ መተካት ነው። ከዚያ ከወለሉ ሥር ከወንበሩ እግር ሰፋ ያለ ላሜራ ወይም ጠንካራ ጣውላ ይገባል። ብሎኑ ሁሉንም ዘልቆ ከታች በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል። ጭነቱ ያኔ በአራት ቀዳዳ ላይ መውደቁ ቀርቶ በላሜራው ስፋት ልክ ይሰራጫል። ብሎኑ የማይዝግ ይሁን፤ ቀዳዳው ደግሞ ከመታሰሩ በፊት በማሸጊያ ይሞላ። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሻሉ፤ አዲስ እንጨት ሲጨመቅ ትንሽ መላላቱ አይቀርም።