በሊኑክስ የዩኤስቢ ዲስኮችን በተሰኩበት ፖርት መለየት፦ አሠራሩና ገደቦቹ

ከተለያዩ የመስክ ጣቢያዎች በተንቀሳቃሽ ዲስክ የሚመጡ መረጃዎች በአንድ ኮምፒውተር በሚሰበሰቡበት ቤተ ሙከራ፣ የእያንዳንዱ ጣቢያ መረጃ ወደ ራሱ ማህደር መገልበጥ ይኖርበታል። ሥራው በስክሪፕት ሲከናወን ግን አንድ መሠረታዊ ችግር ያጋጥማል። የሊኑክስ ከርነል ዲስኮችን «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» እያለ የሚሰይመው በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው። በመሆኑም ትናንት «ኤስዲቢ» የነበረው ዲስክ ዛሬ «ኤስዲሲ» ሊሆን ይችላል። ይህን ስም አምኖ የተጻፈ ስክሪፕት የአንዱን ጣቢያ መረጃ በሌላው ማህደር ሊያስገባ ይችላል፤ ስህተቱም የሚታወቀው ዲስኩ ተደምስሶ ወደ መስክ ከተመለሰ በኋላ ሊሆን ይችላል።

የተለመደው መፍትሔ የፋይል ሲስተሙን መለያ፣ ማለትም ዩዩአይዲን፣ በኤፍስታብ ፋይል ውስጥ መጻፍ ነው። ይህ ዘዴ ዲስኩ የትም ቢሰካ ይለየዋል። ዲስኮቹ በየዙሩ የሚለዋወጡ ከሆነ ግን እያንዳንዱን አዲስ ዲስክ አስቀድሞ መመዝገብን ይጠይቃል። እንዳለ ተቀድተው የተባዙ ዲስኮችም አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ በዚህ መንገድ አይለዩም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሳይለወጥ የሚቆየው መሰኪያው ነው።

ከርነሉ እያንዳንዱን የዩኤስቢ መሣሪያ በተገናኘበት መንገድ ጭምር ያውቀዋል። «1-1.2» የሚለው አድራሻ በባስ 1፣ በ1ኛው ፖርት ላይ የተሰካ ሀብ መኖሩን፣ መሣሪያውም በዚያ ሀብ 2ኛ ፖርት ላይ እንደሚገኝ ያመለክታል። የመሣሪያዎች አስተዳዳሪ የሆነው ዩዴቭ ከዚህ መረጃ በመነሣት «ባይ-ፓዝ» በተባለው ማውጫ ውስጥ መንገዱን የሚገልጽ አገናኝ ይፈጥራል። አገናኙ በኤፍስታብ ውስጥ ከአንድ ማውንት ፖይንት ጋር ሲጣመር፣ በዚያ መሰኪያ የገባ ዲስክ ማውንት በተደረገ ቁጥር በዚያው ቦታ ይገኛል። አገናኙ የፓርቲሽን ቁጥርንም ስለሚያካትት ዲስኮቹ በአንድ ዓይነት የተከፋፈሉ መሆን አለባቸው። ያልተሰካ ዲስክ የኮምፒውተሩን መነሣት እንዳያስተጓጉል ደግሞ «ኖፌይል» የተባለው አማራጭ ይጨመራል።

ዘዴው ሦስት ገደቦች አሉት። አንደኛ፣ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ በውስጡ ሁለት ፖርቶችን ስለሚይዝ፣ የዩኤስቢ 2 እና የዩኤስቢ 3 ዲስኮች በአንድ መሰኪያ ቢገቡም የተለያየ መንገድ ሊያሳዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሁለቱም መፈተሽ አለባቸው። ሁለተኛ፣ ሀቡ ወደ ሌላ መሰኪያ ከተዛወረ በእሱ ላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ ይለወጣሉ። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ዲስኩ ማውንት ሳይደረግ ሲቀር ማውንት ፖይንቱ ባዶ ማውጫ ሆኖ መታየቱ ነው። ምንጩ ላይ የሌለውን ፋይል ከመዳረሻው እንዲሰርዝ የታዘዘ ስክሪፕት ይህን ባዶ ማውጫ እንደ ትክክለኛ ምንጭ ቆጥሮ የተከማቸውን መረጃ ያጠፋል።

ከዚህ አንጻር ፖርት የሚናገረው ዲስኩ የት እንደተሰካ ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አይናገርም። አስተማማኝ አሠራር ሁለቱንም ያረጋግጣል፦ ስክሪፕቱ በቅድሚያ ዲስኩ ማውንት መደረጉን ይፈትሻል፤ ቀጥሎም በዲስኩ ላይ የተቀመጠውን የጣቢያ መለያ ፋይል አንብቦ ከመሰኪያው ጋር ያመሳክራል፤ ሁለቱ ካልተስማሙም ምንም ሳይገለብጥ ይቆማል።